በማርያም ዕለት እምቢ ያለችው ማጨጃ

የሣር ማጨጃ ባየ ቁጥር አምላኩን የሚያመሰግን ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ወዳጆቼ ይስቁብኛል። ይሳቁ፤ እነሱ ያን ቀን እዚያ ሜዳ ላይ አልቆሙም።

ጊዜው ደርግ ነው፤ ቦታው ደብረ ታቦር። እኔ በአውራጃው ጋራዥ መካኒክ ነበርኩ። መካኒክ ስላችሁ ታዲያ እንደ ዛሬዎቹ ሱቅ ሄዶ ዕቃ ገዝቶ የሚገጥም እንዳይመስላችሁ። መለዋወጫ የሚባለውን በስም ነው የምናውቀው። ቤንዚን በኩፖን ነው። ከሞተ መኪና እየነቀልን፣ በሽቦ እያሰርን፣ አንዳንዴም እንደ በሽተኛ እያባበልን ነበር የምናስነሣው። ሥራዬን እወደዋለሁ፤ አፌ ግን ክፉ ነው። ብሎን እምቢ ካለኝ ብሎኑንም፣ ብሎኑን የሠራውንም፣ አጠገቤ የቆመውንም አልምርም። ባለቤቴ «አንተ ስትሠራ የሰማ መንገደኛ ጠብ ተነሣ ብሎ ሊገላግል ይገባል» ትለኝ ነበር። እውነቷን ነው፤ አንድ ሁለቴ ገብተዋል።

የከተማችን አውሮፕላን ሜዳ ከስሙ በቀር ምንም አልነበረውም። ረጅም የሣር ሜዳ ነው። ዳር ላይ አንድ የዘበኛ ጎጆ፣ አንድ የቆርቆሮ መጋዘን፣ ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ የሚያሳይ ጨርቅ የተንጠለጠለበት እንጨት፤ በቃ። አልፎ አልፎ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን መድኃኒት ወይም ባለሥልጣን ይዛ ታርፋለች። በቀረው ጊዜ ሜዳው የበጎችና የነፋስ ነው።

መጋዘኑ ውስጥ ግን አንድ ጉድ ነበር። እርዳታ ሲሰጡ የቆዩ የውጭ ሰዎች አገር ለቀው ሲሄዱ ትተዋት የሄዱት የሣር ማጨጃ ናት። መሪ የላትም። በመሪ ፈንታ ሁለት እጀታ አላት፤ የግራው እጀታ የግራውን ጎማ ያዛል፣ የቀኙ የቀኙን። ሁለቱንም ወደፊት ስትገፋቸው ትሄዳለች፤ ሁለቱንም ወደ ኋላ ስትስባቸው ትመለሳለች። አንዱን ገፍተህ ሌላውን ከሳብከው ደግሞ ቆማ በነበረችበት ቦታ ላይ እንደ እንዝርት ትሾራለች። የከተማው ሰው ይህን ሲያይ «ዟሪት» ብሎ ስም አወጣላት። እኔ ብቻ ነበርኩ የምነዳት፤ እኔ ብቻ ነበርኩ የምጠግናት። ባለቤቴ «ከዟሪቷ ጋር ስትዞር ዋልክ?» እያለች ትቀልድብኝ ነበር።

ይህች ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ ወሯ ገባ። መስከረም ላይ ነን። አንድ ቀን ጠዋት ደም አየች። ምጥ የለም፣ ሕመም የለም፤ ደም ብቻ። ወደ ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ያየቻት ሲስተር ጎልማሳ ሴት ናት፣ ነገር አታለባብስም። ወደ ደጅ ጠርታኝ «የእንግዴ ልጁ መውጫው በር ላይ ተቀምጧል» አለችኝ። «ምጥ ሳይጀምራት በቀዶ መውለድ አለባት። ያን የሚያደርግ ሐኪም አሁን እዚህ የለም፤ ባሕር ዳር መድረስ አለባት።»

«መኪና እለምናለሁ» አልኳት።

«ወደ ወረታ በሚወርደው መንገድ?» አለችኝ። ያን መንገድ በዚያ ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል። ጎርፍ በልቶት ጭነት መኪና ራሱ በሰው ትከሻ እየተገፋ ነበር የሚወጣው። «ከተንገላታች ደሙ ይከፈታል፤ ከተከፈተ መንገድ ላይ የሚያቆመው የለም» አለችኝና እጇን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገች። ሁለቱንም ማጣት ማለት እንደሆነ አልነገረችኝም፤ መንገር አላስፈለጋትም።

እግዜር ይስጣት፣ ያቺ ሴት ሬዲዮ ላይ ተቀምጣ ባሕር ዳርን ለምና አውሮፕላን አስላከች። ከሰዓት በኋላ ባለቤቴን በቃሬዛ አድርገን ሜዳው ላይ አደረስናት። አውሮፕላኗ መጣች። ዝቅ አለች፤ አንዴ ዞረች፤ ደግማ ዞረች፤ ከዚያ ቀና ብላ በመጣችበት ሄደች።

እኔ እዚያ ቆሜ ድምፅዋ እስኪጠፋ ጠበቅሁ። ትመለሳለች ብዬ ነው። ባለቤቴ ቃሬዛው ላይ ሆና «ምነው፣ አልወደደችንም?» አለች። ልትቀልድ ፈልጋ ነው።

ነገሩ ሣሩ ነው። ያን ክረምት ሜዳው አልታጨደም። አውሮፕላን ከመጣች ቆይታለች፤ ቤንዚንም የለም፤ ገበሬዎቹም ለበሬ ድርቆሽ ይሁን ብለው ተዉት። ሣሩ ጉልበት ደርሷል። አብራሪው ባሕር ዳር ሲደርስ በሬዲዮ እንዲህ አለ፦ ከላይ ሆኖ ጉድጓዱንና ድንጋዩን ከሜዳው መለየት አልቻለም፤ መሐል መሐሉን እንኳ አጭደን ካሳየነው ነገ ረፋድ ላይ፣ ደመና ከጉና ሳይወርድ ይመጣል። ደመና ከወረደ ግን የለም።

ባለቤቴን ወደ ሐኪም ቤት መለስናት። ሲስተር «ዛሬ ሌሊት እንዳትንቀሳቀስ እኔ አብሬያት አድራለሁ፤ አንተ ሣሩን አስብ» አለችኝ። እኔም የጋራዡን አለቃ አስጨንቄ በኩፖን ቤንዚን ቀዳሁ። መሸት ሲል ከሜዳው አጠገብ ያሉ ገበሬዎች «ማጭድ ይዘን እንምጣ ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። ዝናብ ያካፋ ነበር። ነገ ደግሞ የመስከረም ማርያም ናት፤ በማርያም ቀን ማጭድ የሚያነሣ ሰው በዚያ አገር የለም። እነሱ ግን ሕጋቸውን ሊጥሱልኝ ተዘጋጅተው ነው የመጡት። «የለም፣ እናንተ ሂዱ ማርያምን ሳሙልኝ፤ ዟሪቷ በአንድ ጠዋት ትጨርሰዋለች» አልኳቸው። መርቀውኝ ሄዱ።

የሜዳው ዘበኛ ሽማግሌ ናቸው። በወር ከሚያገኟት ይልቅ በሁለት በሬዎቻቸው ነው የሚተዳደሩት፤ ዘበኝነቱ ቤታቸው ለሜዳው ስለሚቀርብ የተሰጣቸው ነው። ማጨጃዋን ግን እንደ ሦስተኛ በሬ ነበር የሚያይዋት። አቧራዋን ይጠርጋሉ፣ ዶሮ እንዳይሰፍርባት ያባርራሉ፣ ከፊቷ ቆመው ያነጋግሯታል። ማታውን ቁልፉን ይዘው አብረውኝ መጋዘኑ ድረስ መጡ። ሽፋኗን ከፍቼ ሁሉን በባትሪ አሳየኋቸው። ቺንጊያዋን፣ ማለት የሞተሩን ኃይል ይዞ ጎማዎቹን ወደሚያዞሩት ፓምፖች የሚወስደውን የላስቲክ ቀበቶ፣ ጎንበስ ብለው በጣታቸው ነካኩትና «ደርቋል እኮ» አሉ። እውነትም ጫፍ ጫፉ መሰንጠቅ ጀምሮ ነበር። «ለነገ ይበቃል፣ አባቴ» ብያቸው ወደ ሐኪም ቤት ተመለስኩ።

ጠዋት ሰማዩ ጠርቶ ነበር። ጉና ከነጫፉ ይታያል። ከማርያም ቤተ ክርስቲያን ከበሮ ይሰማል፤ ከተማው በሙሉ እዚያ ነው። ዘበኛው ግን እኔን ብለው ቀርተው መጋዘኑን ከፍተው ይጠብቁኛል። ነጭ ጋቢ ለብሰዋል፣ ፊታቸው ያበራል። «ዛሬስ እንዴት አምሮባታል» አሉኝ ማጨጃዋን እያሳዩ። ልቤ ሌላ ቦታ ነበርና አልሰማኋቸውም።

ሞተሩን ሳብ ሳደርገው ወዲያው ተነሣ። ድምፁ ደስ ይላል። ሁለቱን እጀታዎች ወደፊት ገፋሁ። ማጨጃዋ አንድ ሁለት እርምጃ ተንፏቀቀችና ቆመች። ሞተሩ ይጮኻል፤ ጎማዎቹ ንቅንቅ የለም። ወደ ኋላ ሳብኳቸው፤ እንደዚያው። ደግሜ ገፋሁ። የምትንቀሳቀስ መስላ ታጓጓኝና ቁጭ ትላለች።

አበስኩ ገበርኩ። ጥጋቧን ሌላ ቀን ብታሳየኝ ምን ነበረበት፣ ዛሬ?

ከመቀመጫው ወርጄ ወደ ኋላዋ ዞርኩ። ከጎማዎቹ አጠገብ ሁለት ትንንሽ ዘንጎች አሉ። ሞተሩ ሳይነሣ በእጅ ልትገፋት ስትፈልግ ዘንጎቹን ትስባቸዋለህ፣ ጎማዎቹ ነፃ ይሆናሉ። እንደተሳቡ ተረስተው ከቀሩ ሞተሩ ቢጮኽም ጎማው አይሰማም። አየሁ፤ የቀኙ ወጥቶ ቀርቷል። ከመጋዘን ስናወጣት የረሳነው ነው። ማርያምን፣ ደስ አለኝ። ጠቀጠቅሁትና ተመልሼ ተቀመጥኩ። ገፋሁ። አሁንም ያው። እንዲያውም አሁን ሁለቱም ጎማዎች እኩል ደካማ ሆነው አረፉት።

በሥራዬ የተማርኩት ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ አንዱ ጎማ ብቻ ከሰነፈ በሽታው በእሱ በኩል ነው። ሁለቱም እኩል ከሰነፉ ግን የጋራቸው የሆነውን ፈልግ። የጋራቸው ምንድን ነው? ሞተሩ፤ ሞተሩ ደህና ነው። የእጅ ፍሬኑ፤ ተለቅቋል፣ ጎንበስ ብዬ አየሁት፣ ጎማውን አልነከሰም። ዘይቱ፤ ክዳኑን ከፍቼ ጣቴን ነከርኩበት፣ ልኩ ላይ ነው፣ አረፋም የለውም። ቺንጊያው፤ ሽፋኑን ገለጥ አድርጌ አየሁት። መዘውሮቹ ላይ በደንብ ተጠምጥሟል፣ የሚወጥረው ሞላም አልላላም። እንዲያውም ትናንት ከነበረው ይልቅ ጠቁሮ፣ ለስልሶ፣ አዲስ መስሎ ነበር። ሌሊቱን ጤዛው አርሶት ነው ብዬ ሽፋኑን መለስኩት። ዓይኔ አይቶት ልቤ አላየውም።

ከዚያ ምን ላድርግ? አየር ገብቶ ይሆናል ብዬ ጎማዎቹን በድንጋይ ከፍ አድርጌ እጀታዎቹን ወደፊትና ወደ ኋላ እያመላለስኩ ዘይቱ እንዲተነፍስ አደረግሁት። ጎማዎቹ አየር ላይ ሲሆኑ ይዞራሉ፤ መሬት ሲነኩ ይቆማሉ። ተሳደብኩ። ማርያም ይቅር ትበለኝ፣ በራሷ ቀን የማይባለውን አልኩ። ዘበኛው ጋቢያቸውን ሰብስበው «ተው ልጄ፣ በእርጋታ» ይሉኛል። እኔ እንዴት በእርጋታ? ፀሐይዋ እየወጣች ነው። በጉና ጫፍ ላይ አንዲት የነጭ ጨርቅ ቁራጭ የምታህል ደመና ብቅ ብላለች። ባለቤቴ ቃሬዛ ላይ ተኝታ የሞተር ድምፅ እያዳመጠች ይሆናል፤ ሐኪም ቤቱ ሩቅ አይደለም፣ የዟሪቷ ጩኸት ይደርሳል። እየጮኸች እንደማትሄድ ግን ከዚያ አይታወቅም።

በዚህ መሐል አንድ ሽታ መታኝ። ቅቤ ሲነጠር የሚሸት ሽታ። ለማርያም ድግስ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው አልኩ በሆዴ፤ ጎረቤቱ ሁሉ ዝክር አለበት። ሞተሩን ከፍ ሳደርገው ሽታው በረታ። ዝቅ ሳደርገው ቀነሰ። ቀና ብዬ እንጨቱ ላይ ያለውን ጨርቅ አየሁ፤ ነፋሱ ከሜዳው ወደ መንደሩ ነው የሚነፍሰው። ታዲያ ሽታው ከየት ነው የሚመጣው?

ሞተሩን አጠፋሁ። ሽፋኑን ገልጬ ቺንጊያውን በሁለት ጣቴ ቆንጠጥ አደረግሁትና ወደ አፍንጫዬ አመጣሁ። ቅቤ ነው። ለጋ ቅቤ። ከቺንጊያው አልፎ መዘውሮቹ ላይ ወርዶ፣ ሙቀቱ እያቀለጠው ይንጠባጠባል።

«ማነው ይህን ያደረገ?» አልኩ። መጠየቅ አያስፈልገኝም ነበር፤ እዚያ ያለነው ሁለት ነን።

«እኔ ነኝ» አሉ ዘበኛው። ምንም አልደነገጡም። «ደርቆ አይተህ የለም? ነገ ሥራ የሚውል ጠፍር ሌሊቱን ቅቤ ይጠጣል። ያለዚያ መሐል እርሻ ላይ ይበጠሳል። አንተ ደክሞህ ሄድክ፣ እኔ ቀባሁት።»

ለካ ሰውየው ልክ እንደ ምራናቸው ነው ያዩት። ምራን ማለት ቀንበሩን ከሞፈሩ ጋር የሚያስረው ጠፍር ነው፤ ቆዳ ነውና ቅቤ ካልጠጣ ይደርቃል። በእሳቸው ዓለም ጠፍር የደረቀ እንደሆነ መድኃኒቱ አንድ ብቻ ነው፤ ላስቲክ ግን ቅቤ ከነካው እንደ ዓሣ ነው የሚያሟልጨው። ሞተሩ እየዞረ ቺንጊያው መዘውሩ ላይ ይንሸራተታል፣ ለፓምፖቹ የሚደርሳቸው ኃይል የለም።

«አባቴ፣ አንቱ ምን አደረጉኝ!» ብዬ ጮኽኩባቸው። «ይህ ቆዳ መሰለዎት? ሚስቴ በዚህ ምክንያት ብትሞትብኝ ምን ይሉኛል?»

እሳቸውም ጮኹብኝ። «አትጩህብኝ! ለሚስትህ ብዬ አይደለም ወይ? ለእኔ በሬ የቀባሁት መሰለህ?»

ጩኸታችንን ሰምተው ሚስታቸው ከጎጆው ወጡ። ለማርያም ሊለብሱት ያጠቡት ቀሚስ ገና እርጥብ ነው መሰለኝ፣ አሮጌውን ለብሰው እጃቸው በእንዶድ አረፋ ተሸፍኗል። እንዶድ የሚባለውን የልብስ ማጠቢያ ፍሬ ወቅጠው ትናንት በዝናቡ ያልደረሰላቸውን ጋቢ እያጠቡ ነበር። ምን እንደሆነ ሲሰሙ ወደ እኔ አላዩም፤ ወደ ባላቸው ዞሩ። «ቅቤዬን?» አሉ። «ከጠዋት ጀምሮ የምፈልገውን ቅቤ? ለዝክሩ ያልኩትን?»

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። «ለማርያም ያልሽውን ለማርያም ነው የሰጠሁት» አሉ። «ያቺ ሐኪም ቤት የተኛች ልጅ የማን ናት? የማርያም አይደለችም?»

ሴትየዋ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ። ንዴቴ የት እንደገባ ጠፋኝ፤ አንጀቴን በሉት። ያን ሰሞን የአንድ ቤት ቅቤ ምን ማለት እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ምን ብዬ ልንገረው? የዓመት ዝክራቸው በደረቁ ሊሆን ነው። የኔ ሚስት ምናቸው ናት? የሰላምታ ትውውቅ እንኳ ከእኔ ጋር እንጂ ከእሷ ጋር የላቸውም።

ቀድመው የተናገሩት ሴትየዋ ናቸው። «ቅቤ የነካው ጋቢ በምን ይለቅቃል?» አሉ ለራሳቸው። ራሳቸው መለሱ፤ «በእንዶድና በሙቅ ውኃ።» ወደ እኔ ዞረው «አውጣው» አሉኝ።

አወጣሁት። ሞላውን በሽቦ ስቤ አላላሁና ቺንጊያውን ከመዘውሮቹ ፈታሁ። እናትዬዋ ገበቴያቸውን አምጥተው እዚያው ሣሩ ላይ ተንበርክከው እንደ ሕፃን ልብስ አሹት። ያጥባሉ፣ ይጨምቃሉ፣ ያሸታሉ፤ «ገና ነው» ብለው ይደግማሉ። እኔ መዘውሮቹን በእንዶዱ በረጠበ ጨርቅ፣ ከዚያ በደረቅ ጨርቅ ፈተግኋቸው። ዘበኛው ጋቢያቸውን አውልቀው ቺንጊያውን ጠቀለሉበትና እያሹ አደረቁት። ነጭ የማርያም ጋቢያቸው ጥቁር በጥቁር ሆነ። «ተዉት፣ አባቴ፣ ጨርቅ አለኝ» ብላቸው አልሰሙኝም። መጨረሻ ላይ የቀረውን ቅባት እንዲመጥ ከምድጃ የወጣ የተነፋ አመድ አልብሰነው፣ አራግፈነው ወደ ቦታው መለስኩት።

ተቀምጬ እጀታዎቹን ያዝኩ። ገፋሁ። ዟሪቷ ሄደች።

እንዴት እንደሄደች! ከመጋዘኑ ፊት እስከ ሜዳው መሐል አንድ ጊዜም አልቆመችም። ምላጩን ዝቅ አድርጌ ሣሩ ውስጥ ገባሁ። ሣሩ ረጅምና እርጥብ ስለሆነ ቀስ ማለት ነበረብኝ፤ ፈጠን ስል ሞተሩ ያቃስታል። ጫፍ ስደርስ አንዱን እጀታ ገፍቼ ሌላውን ስቤ ባለሁበት ሾር አልኩና ተመለስኩ። ደመናዋ ግን እያየኋት ሰፋች። አሁን የጉናን አናት ይዛለች።

ሌላ ችግር ደግሞ መጣ። የታጨደው ሣር እዚያው ተጋድሞ ክምር ክምር ይሠራል፤ የአውሮፕላኗ ጎማ ላይ ቢጠመጠም ከቆመው የባሰ ነው። ብቻዬን አጭጄ ብቻዬን ልሰበስብ አልችልም። ይህን እያሰብኩ ስዞር ዘበኛው የሉም። ወዴት ሄዱ ብዬ ሳልጨርስ ከቤተ ክርስቲያኑ በኩል ሰው ሲጎርፍ አየሁ። ለካ ዘበኛው ሄደው ሰዉ ከቅዳሴ ሲወጣ በሩ ላይ አስቁመውታል። ማጭድ የያዘ የለም። ነጭ በነጭ የለበሱ ሴቶች፣ ሽማግሌዎች፣ መስቀል የያዙ ቄስ ሳይቀሩ የታጨደውን ሣር በእጃቸው እያፈሱ፣ በነጠላቸው እየተሸከሙ ወደ ዳር መጣል ጀመሩ። አንዱ «በማርያም ቀን ሥራ ይፈቀዳል ወይ?» ሲል ሰማሁ። ቄሱ እቅፍ ሙሉ ሣር እንደያዙ «ማጨዱን ዟሪቷ ናት ያጨደችው፤ እኛ መንገድ እየጠረግን ነው» አሉት። ሰው ሳቀ። እኔ ግን ሞተሩ ጩኸቴን እንዲሸፍንልኝ ከፍ አድርጌ አለቀስኩ።

መሐሉ ጠርቶ ሲያልቅ አውሮፕላኗ መጣች። ዝቅ አለች፤ አንዴ ዞረች። ሜዳው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ወደ ዳር ሸሸ። ሁለተኛ ስትዞር ጎማዋ መሬት ነካ፤ ተንደረደረችና ቆመች። ያን ጊዜ ነው እልልታው የተነሣ።

ባለቤቴን በቃሬዛ አመጧት። ፊቷ ገርጥቷል። አጠገቧ ተንበርክኬ እጇን ያዝኩ። እጄን ወደ ፊቷ አምጥታ አሸተተችኝ። «ቅቤ ቅቤ ትሸታለህ» አለች። «እኔ ልወልድ ነው፣ አንተ ትቀባለህ?» ልስቅ ስል አቃተኝ። አብሬያት ልሄድ ፈልጌ ነበር፤ ቦታው ግን ለእሷና ለሲስተር ብቻ ነው። አብራሪው ደመናውን በአገጩ አሳየኝ። እጇን ለቀቅሁ። በሩ ሲዘጋ ፊቷ አይታየኝም ነበር።

አውሮፕላኗ ተነሥታ ወደ ጣና በኩል ስትሰወር ደመናው ከኋላዋ ሜዳውን ሸፈነው። ሰው ሁሉ እየመረቀኝ ወደ ቤቱ ሄደ። እናትዬዋ «ና፣ ዝክሩን ቅመስ» ብለው ወሰዱኝ። ቅቤ የሌለው ሽሮ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ድግስ በልቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ ምግብ ግን በአፌ አልዞረም።

ከዚያ የመጣው ጭንቅ የባሰ ነበር። ሰማዩ አልከፈት አለ። የሐኪም ቤቱ ሬዲዮ አንዴ ይሠራል፣ አንዴ አይሠራም፤ ሲሠራም ስለ ሌላ ነገር ነው የሚያወራው። መንገዱ ያው ነው። ጋራዥ እሄዳለሁ፣ ቁልፍ አነሣለሁ፣ ለምን እንዳነሣሁት ይጠፋኛል። ሰው ሲያየኝ ዓይኑን ይሰብራል። አልሳደብም፤ ጋራዡ ውስጥ ያሉ ሁሉ ይህን አይተው ፈሩ። ማታ ማታ ዘበኛው ዘንድ እሄድና ደጃፋቸው ላይ እንቀመጣለን። «ዛሬም የለም?» ይሉኛል። «የለም» እላለሁ። እናትዬዋ ጠላ ያመጡልንና እሳቸውም ይቀመጣሉ።

አንድ ጠዋት ሰማዩ ተከፈተ። ሰማዩ እንደተከፈተ ድምፅዋን ሰማሁ። ከጋራዡ እስከ ሜዳው እንዴት እንደሮጥኩ አላስታውስም፤ እጄ ላይ የያዝኩትን ቁልፍ እንደያዝኩ ነው የደረስኩት። አውሮፕላኗ አርፋ አብራሪው የመድኃኒት ካርቶን እያወረደ ነበር። ባለቤቴ የለችም። ሲስተርም የለችም። ዘበኛው ክንዴን ያዙኝ።

አብራሪው እኔን ሲያይ ካርቶኑን አስቀመጠ። «አንተ ነህ የማጨጃዋ ሰው?» አለኝ።

ዘበኛው «እሱ ነው» አሉ።

«ባለቤትህ መልእክት አላት» አለ። «ቃል በቃል ንገረው ብላኛለች። ሣሩን እንዳታስረዝሙት፤ ሁለት ሆነን ነው የምንመጣው ብላሃለች።»

ዘበኛው «እንኳን ማርያም ማረቻት» አሉ። ቁልፉን ለእሳቸው ሰጠኋቸውና ወደ መጋዘኑ ሄድኩ። ሣሩ ገና ቁርጭምጭሚት እንኳ አልደረሰም ነበር። እንደዚያም ሆኖ ማጨጃዋን አስነሥቼ፣ እንባዬ እየወረደ፣ ሜዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አጨድኩት።